ችግሩን በስልክ ይዛችሁ ኑ፦ እጩ መምህራንን አዲስ ሐሳብ ማፍለቅ የማለማመጃ መመሪያ

ባለፈው ዓመት ለእጩ መምህራኖቼ አንድ የቡድን ሥራ ሰጠሁ። ጥያቄው «ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍል እንዴት ታስተምራላችሁ?» የሚል ነበር። ዘጠኝ ቡድኖች ሥራቸውን አስረከቡ። የስድስቱን ጎን ለጎን አድርጌ ሳነብ የሐሳቡ ቅደም ተከተል፣ ምሳሌው፣ አንዳንድ ቦታም የፊደል ግድፈቱ ሳይቀር አንድ ሆኖ አገኘሁት። ሁሉም ከስልካቸው ገልብጠዋል። መጀመሪያ ተናደድኩ። ቆይቼ ጥያቄውን ደግሜ ሳየው ግን ጥፋቱ ከዚያው እንደሚጀምር ገባኝ፤ ስልክ ሊመልሰው የሚችል ጥያቄ ሰጥቼ ልጆቹ ራሳቸው እንዲያስቡ መጠበቄ ልክ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ አሠራሬን ገለበጥኩት። እጩ መምህሩ ስልኩን ይዞ የሚወጣው ችግር ፍለጋ ሆነ። ትምህርት ቤት ሄዶ ያየውን በፎቶ፣ የሰማውን በድምፅ ይዞ ይመጣል። ያ ልጅ፣ ያ ደብተር፣ ያ ክፍል ኢንተርኔት ላይ ስለሌሉ መገልበጥ አይቻልም፤ ማሰብ ግድ ይላል። ከዚህ በታች ሥራውን ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደማካሂደው እጽፋለሁ። የምጽፈውም በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በእንጅባራና በባሕር ዳር አካባቢ መምህራንን ለምናሠለጥን የሙያ ባልደረቦቼ ነው።

ዘዴው እንግዳ አይደለም

ችግር ተኮር ትምህርት የሚባለው አሠራር መልክ ይዞ የወጣው ካናዳ ውስጥ፣ በማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ተማሪዎቹን የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1969 ነበር። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ተማሪው ለዓመታት ንድፈ ሐሳብ ሲሸመድድ ቆይቶ በመጨረሻ ከበሽተኛ ጋር ከሚገናኝ፣ ገና ሲገባ የአንድ በሽተኛ ታሪክ ይሰጠው፤ ከትንሽ ቡድን ጋር ተቀምጦ «ይህን ለመረዳት ምን ማወቅ አለብን?» ብሎ ይጠይቅ፤ ዕውቀቱን ከዚያ በኋላ ይፈልግ። ሆላንድ ያለው የማስትሪክት ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ ተቀብሎ በሰባት ደረጃ አዘጋጀው። ደረጃው ቢበዛም ቢያንስም ዋናው ነገር ችግሩ መቅደሙ፣ ትምህርቱ መከተሉ ነው።

ጎጃም ውስጥ ቅኔ ቤት የዋለ፣ ወይም ከቅኔ ተማሪ ጋር ያደገ ሰው ይህ ነገር አይከብደውም። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ የቅኔ ተማሪ የኔታ የዘረፉትን ሰምቶ ይማርበታል እንጂ ያንኑ መልሶ አይነግርም። ከሰው ርቆ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል (ያዘጋጃል)፤ ከዚያ ለነገራ፣ ማለትም ያዘጋጀውን ለየኔታ ለማሰማት ይቀርባል፤ የኔታም እዚያው ያርሙታል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ይዞ መቅረብ የለም። አጀማመሩም በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ነው፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ የሚደረስበት ቆይቶ ነው። እኔ ከዚህ ሦስት ነገር ወስጃለሁ፦ በትንሽ መጀመር፣ የሰው ሐሳብ አለመድገም፣ እርማቱን ሳይውል ሳያድር ፊት ለፊት መስጠት። የክፍሌን ሥራ ስቸገርበት የምመለሰው ወደዚህ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ስልኮቹን ቁጠሩ

አንድ ክፍል ውስጥ 45 እጩ መምህራን ቢኖሩ ሁሉም ስማርት ስልክ አላቸው ብላችሁ አትነሡ። ለእያንዳንዳቸው ቁራጭ ወረቀት ስጡና ሦስት ነገር አስጽፉ፦ ስልኩ ስማርት ነው ወይስ ቁልፍ ያለው? ሜሞሪ ካርድ ይወስዳል? የሚያድርበት ቤት መብራት አለ? እጅ በማስወጣት አትጠይቁ። ስልክ የሌለው ልጅ ጓደኞቹ ፊት ሲጠየቅ ያፍራል፤ አንዴ ካፈረ በቡድኑ ውስጥም ዝም ይላል።

ቡድኑ አምስት ወይም ስድስት ሰው ይሁን፤ በእያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ ሁለት ስማርት ስልክ ይግባ። የለመድነውን የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ግን ለዚህ ሥራ አልመክረውም። ጎበዙ ልጅ መሪ ይሆናል፣ ለሁሉም እሱ ያስባል፣ ሌሎቹ ይፈርማሉ። በእሱ ፈንታ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ስልክ ያዥና ሰዓት ጠባቂ በየሳምንቱ ይቀያየሩ። አንድ ሕግ ጨምሩ፦ የስልኩ ባለቤት በራሱ ስልክ ፎቶ አያነሣም። ይህ ካልተባለ ስልክ ያለው ያነሣል፣ ስልክ የሌለው ቆሞ ያያል።

ሥራው ያለ ኢንተርኔት የሚሄድ መሆን አለበት። በክልላችን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ ኔትወርክ ቢኖር እንኳ ከከተማ ወጣ ሲባል ይጠፋል። ስለዚህ ሥራውን በካሜራ፣ በድምፅ መቅጃ፣ በካልኩሌተርና በብሉቱዝ ላይ መሥርቱት። እነዚህ ካርድ ሳይሞላም ይሠራሉ። ቴሌግራም ሲገኝ ጥሩ ነው፤ ባይገኝ ግን ሥራው መቆም የለበትም።

1ኛ ደረጃ፦ ችግር መምረጥ

ሥራው የሚሳካውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ከዝግጅት ጊዜዬ ትልቁን ድርሻ የምሰጠው ለዚህ ነው።

«የመማሪያ መጻሕፍት እጥረትን እንዴት እንቅረፍ?» የሚለው ጥያቄ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የትም አገር ሊጠየቅ ይችላል፤ መልሱም የትም ይገኛል። ይህን ግን እዩት፦ «ከከተማው አንድ ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ትምህርት ቤት ነው። 2ኛ ክፍል ውስጥ 63 ልጆች አሉ። የአማርኛ መጽሐፉ 11 ነው። ከኋላ ላሉት ሰሌዳው አይታያቸውም። የሚመጣው ማክሰኞ ለ40 ደቂቃ ታስተምሯቸዋላችሁ። ምን ታደርጋላችሁ?» ይህን የሰማ እጩ መምህር ወዲያው መጠየቅ ይጀምራል። ጠረጴዛው ይነሣል ወይ? ውጭ ዛፍ አለ ወይ? ከ63ቱ ማንበብ የሚችሉት ስንት ናቸው? ጥያቄ ከወለደ ጥሩ ችግር ነው።

ከአካባቢያችን የምጠቀምባቸውን ጥቂቶቹን ልጥቀስ። ጮቄ ተራራ ሥር ባሉ ቀበሌዎች በታኅሣሥ ውርጭ ጠዋት የልጆቹ እጅ ደንዝዞ እርሳስ መያዝ ያቅታቸዋል፤ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ደግሞ የእጅ ጽሕፈት ነው። ኅዳር ላይ ጤፉ ሲደርስ የክፍሉ ግማሽ ለአጨዳ ይቀራል፤ የቀሩት ሲመለሱ ትምህርቱ አልፏቸዋል። እንጅባራ አካባቢ ቤት ውስጥ አዊኛ እየተናገረ ያደገ ልጅ በአማርኛ የሚያስተምር ክፍል ገብቶ ለወራት ድምፁ አይሰማም። ሰኔ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የመምህሩ ድምፅ ሁለተኛው ረድፍ ላይ አይደርስም። ይህ የመጨረሻው በተለይ ለሞባይል የተመቸ ነው። ፋይፎክስ የሚባል፣ የጀርመኑ የአኸን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው ነፃ መተግበሪያ አለ፤ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት በስልኩ ማይክሮፎን የድምፅን መጠን ያሳያል። ትክክለኛውን ዴሲቤል ለማግኘት መስተካከል ይፈልጋል እንጂ «ከየትኛው ጥግ ብናገር ይሻላል?» ብሎ ለማነጻጸር ሳይስተካከልም ይበቃል።

ችግሩን ለክፍል ከማቅረባችሁ በፊት ሦስት ነገር አረጋግጡ። ከአንድ በላይ የሚያስኬድ መልስ አለው? እጩ መምህራኑ በእግራቸው ሄደው ሊያዩት ይችላሉ? ከኮርሱ ይዘት ውስጥ ቢያንስ አንድ ነገር እንዲፈልጉ ያስገድዳል? ሦስተኛውን ከዘነጋችሁት ውይይቱ ይሞቃል፣ ትምህርቱ ግን ይቀራል።

2ኛ ደረጃ፦ ችግሩን በስልክ መያዝ

የመጀመሪያውን ችግር እኔ እሰጣለሁ። ከሁለተኛው ጀምሮ ግን ለፕራክቲከም (ለማስተማር ልምምድ) በሚወጡበት ትምህርት ቤት ራሳቸው ያገኙትን ይዘው እንዲመጡ አደርጋለሁ። እያንዳንዱ ቡድን ሦስት ነገር ብቻ ያመጣል፦ አንድ ፎቶ፣ ከአንድ ደቂቃ ያልበለጠ አንድ ድምፅ፣ አንድ ቁጥር። ብዙ አምጡ ስትሏቸው 40 ፎቶ ያመጣሉ፤ አንዱንም አስተውለው አያዩትም። አንድ ብቻ ሲሆን ግን የትኛውን እናንሣ ብለው ይከራከራሉ፤ ያ ክርክር ራሱ ማሰብ ነው።

ቁጥሩን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እናንተ አትዝለሉት። «ልጆቹ አይሳተፉም» የሚል እጩ መምህር በ40 ደቂቃ ውስጥ ስንት ልጅ እንደተናገረ፣ ከነዚያም ውስጥ ስንቱ ሴት እንደሆኑ ቆጥሮ ሲመጣ ንግግሩ ይለወጣል።

ቪዲዮ በዚህ ደረጃ አልፈቅድም። ዳታና ሜሞሪ ይበላል፤ ካሜራ የተደቀነባቸው ልጆችም ልጅነታቸውን ትተው ለካሜራው ይቀመጣሉ።

ፈቃድ ሳይጠየቅ አይነሣም። ርዕሰ መምህሩን፣ የክፍሉን መምህርና ወላጅን ማስፈቀድ የእጩ መምህሩ ሥራ ነው። ፈቃድ ቢገኝም የልጅ ፊት አይነሣ፤ እጁ፣ ደብተሩ፣ የተቀመጠበት ቦታ ይበቃል። ስሙም አይቀዳ። የተቀዳውን ነገር ከቡድኑና ከክፍሉ ውጭ ለማንም መላክ ክልክል መሆኑን በመጀመሪያው ቀን ተናገሩ፤ ቴሌግራም ላይ የወጣ ነገር ተመልሶ አይሰበሰብም።

3ኛ ደረጃ፦ ችግሩን መፍታት ሳይጀምሩ መረዳት

ክፍል ውስጥ ፎቶው ይታያል፣ ድምፁ ይሰማል። ጸሐፊው ወረቀቱን በሦስት ይከፍላል፦ የምናውቀው፣ ማወቅ ያለብን፣ ከማን ወይም ከየት እናገኘዋለን። በዚህ ሰዓት መፍትሔ ማውራት የለም። ይህ ለእጩ መምህራን በጣም ይከብዳቸዋል፤ ፈጥኖ የመለሰ ሲመሰገንበት በኖረ ክፍል ስላደጉ።

አንዱን ልንገራችሁ። አንድ ቡድን የ4ኛ ክፍል ልጅ ደብተር ፎቶ ይዞ መጣ። ልጁ «1/4 ከ1/3 ይበልጣል» ብሎ ጽፏል። ድምፁ ላይ «ለምን?» ሲሉት «አራት ከሦስት ስለሚበልጥ ነዋ!» ይላል፤ በፍጹም እርግጠኝነት። ክፍሉ ሳቀ። አንዱ ወዲያው ተነሥቶ «እንጀራ ቆርሶ ማሳየት ነው፤ አለቀ» አለ። እኔም «የምናውቀው» የሚለው ዓምድ ሥር ምን እንጻፍ ብዬ መለስኩት። ዝምታ ሆነ። ቆየት ብለው ጻፉ፦ ልጁ የትኛው ሙሉ ቁጥር እንደሚበልጥ ያውቃል፤ ያን ዕውቀት ወደ ክፍልፋይ ይዞ ገብቷል። «ማወቅ ያለብን» ሥር ደግሞ ከታችኛው ቁጥር ምን እንደሚረዳ፣ ቤቱ ውስጥ ምን ሲከፈል እያየ እንዳደገ ጻፉ። መጀመሪያ የሳቁት ልጆች ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ስለዚያ ልጅ አስተሳሰብ አጥብቀው ይጠይቁ ጀመር።

4ኛ ደረጃ፦ ሐሳብ ማብዛት

ኢንተርኔት ላይ መልስ መፈለግ እስካሁን አይፈቀድም።

እኛ ዘንድ ቡድን ውስጥ መጀመሪያ የሚናገረው በዕድሜ የሚበልጠው ወይም አንደበቱ የቀለለው ነው። እሱ ከተናገረ በኋላ ሌላው የሚያደርገው መስማማት ነው፤ ሴቶቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተራው ሳይደርሳቸው ሰዓቱ ያልቃል። ስለዚህ ሐሳቡን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ እንዲያወጡ አደርጋለሁ። ጀርመናዊው በርንት ሮርባህ እ.ኤ.አ. በ1968 ያስተዋወቀው መንገድ አለ፦ ስድስት ሰው ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ በአምስት ደቂቃ ሦስት ሐሳብ ይጽፋል፤ ወረቀቱን ለጎረቤቱ ያሳልፋል፤ ጎረቤቱ ያንን አንብቦ የራሱን ሦስት ይጨምርበታል። ስድስት ዙር ሲያልቅ በግማሽ ሰዓት 108 ሐሳብ ይሆናል። ቡድኑ አምስት ሰው ከሆነ በ25 ደቂቃ 75 ነው። ገና የሚለማመድ ቡድን በአንድ ዙር ሁለት ሐሳብ ቢጽፍም ይበቃል፤ ጉባኤ ቃናው ይህ ነው።

ቴሌግራም ካለ ሁሉም በየስልኩ ይጽፍና ሰዓት ጠባቂው «ላኩ» ሲል በአንድ ጊዜ ይልካል። አስቀድሞ የላከ ሰው ሌላውን ይመራዋልና «በአንድ ጊዜ» የምትለዋን ጠብቋት። ኔትወርክ ከሌለ ወረቀቱ ይዞር፤ መጨረሻ ላይ ስልክ ያዡ ፎቶ አንሥቶ በብሉቱዝ ያከፋፍል።

በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ «አይሆንም» የሚል ቃል አይነገርም፣ ፊትም አይቋጠርም። የእናንተም ፊት ጭምር። መምህሩ አንዱን ሐሳብ አይቶ ፈገግ ካለ የቀሩት ሐሳቦች ሁሉ ወደዚያው ይሄዳሉ።

ሁሉም «ጨረስን» ሲሉ እኔ የምለው አንድ ቃል ነው፦ «ሌላስ?» ብዙ ጊዜ እንዳየሁት የመጀመሪያዎቹ አሥር ሐሳቦች የሁሉም ቡድን ናቸው፤ እንጀራ፣ ብርቱካን፣ የተቀደደ ወረቀት። ከዚያ ዝምታ ይመጣል። ያቺን ዝምታ በንግግር አትሙሏት። እኔ እስከ ሃያ እቆጥራለሁ። በዚያ በክፍልፋዩ ቀን፣ አዴት አካባቢ ያደገች አንዲት እጩ መምህር እጇን ሳታነሣ በለሆሳስ «አጨዳስ?» አለች። «አንድ ቃዳ የጤፍ ማሳ ሦስት አጫጅ ሲካፈለውና አራት አጫጅ ሲካፈለው…»

እንጀራ ሲቆረስ ያላየ ልጅ የለም፤ ነገር ግን ቤት ውስጥ እንጀራ በሦስትና በአራት እኩል እየተለካ አይከፋፈልም። ማሳ ግን ደቦ ላይ ይከፋፈላል፤ ማን ከየት እስከ የት እንደሚያጭድ ልጁ በዓይኑ ያያል። ሐሳቧን ከ60 በላይ ከሆኑት ውስጥ ለይተው ያወጡት ለዚህ ነው።

5ኛ ደረጃ፦ አሁን ፈልጉ

ኢንተርኔት የሚከፈተው እዚህ ነው። ቡድኑ ሁለት ወይም ሦስት ሐሳብ መርጦ «ማወቅ ያለብን» ያለውን ይፈልጋል። ሦስት ምንጭ ግድ ነው፦ ያንን ክፍል አሁን የሚያስተምር አንድ መምህር፣ አንድ ወላጅ፣ አንድ የጽሑፍ ምንጭ። ከመምህሩና ከወላጁ ጋር በስልክ ደውሎ መነጋገር ይቻላል፤ ለዚህ ቁልፍ ያለው ስልክም ይበቃል።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚጽፉ መተግበሪያዎችን ብዙዎቹ ይጠቀማሉ፤ ክልክል ብላችሁ አትተዉት፣ ተደብቀው ይጠቀማሉና። ሐሳብ አምጣልን ማለት ግን የለም። የራሳቸውን ሐሳብ ሰጥተው «ይህ የት ላይ ሊበላሽ ይችላል?» ብለው ይጠይቁት። የመለሰውን ከመምህሩና ከወላጁ ቃል ጋር ያስተያዩት። ስለኛ አገር ክፍል የሚያውቀው ጥቂት ስለሆነ ስሕተቱን ራሳቸው ያገኙታል፤ ማግኘታቸው ደግሞ በጣም ያጠነክራቸዋል።

6ኛ ደረጃ፦ ትምህርት ቤት ሄዶ መሞከር

ሐሳቡ ወረቀት ላይ አያልቅም። ከአምስት እስከ አሥር ለሚሆኑ ልጆች፣ ለ15 ደቂቃ ይሞከራል። ከቡድኑ አንዱ ያስተምራል፣ አንዱ የልጆቹን ጥያቄና መልስ በድምፅ ይቀዳል፣ ሌሎቹ ዝም ብለው ያያሉ። ሲመለሱ መጀመሪያ የሚሰማው ልጆቹ ያልተጠበቀ ነገር የተናገሩበት ቦታ ነው።

የአጨዳው ቡድን ይዞ የመጣው ቅጂ ዛሬም አለኝ። እጩ መምህሯ መሬት ላይ በእንጨት ሁለት እኩል ማሳ ሠርታለች፤ አንዱን ለሦስት፣ ሌላውን ለአራት ከፍላዋለች። «የትኛው አጫጅ ብዙ ያጭዳል? ከሦስቱ አንዱ ወይስ ከአራቱ አንዱ?» ትላለች። ልጁ «አራት ከሆኑማ ቶሎ ይጨርሳሉ፣ ቲቸር!» ይላታል። እሷ ዝም አለች፤ ቅጂው ላይ የሚሰማው የዶሮ ድምፅ ብቻ ነው። ቡድኑ ክፍል ውስጥ ይህን ሦስት ጊዜ አሰማን። አንዳንዶቹ «አልተሳካም» አሉ። ልጁ ግን አልተሳሳተም፤ እሷ የጠየቀችው ስለ ድርሻ ነው፣ እሱ የመለሰው ስለ ጊዜ ነው፤ የመለሰውም እውነት ነው።

በማግሥቱ ተመልሳ ሄደች። በዚህ ጊዜ ማሳውን አልቀየረችም፤ የልጁን መልስ ራሱን ይዛ ገባች። «አዎ፣ አራቱ ቶሎ ጨረሱ። ለምን ይመስልሃል?» ልጁ መሬት ላይ ያለውን መስመር ትንሽ አየና «የያንዳንዳቸው ትንሽ ስለሆነች!» አለ። አንድ አራተኛ ከአንድ ሦስተኛ እንደሚያንስ በራሱ አንደበት ተናገረው። ልጁ መንገዱን የሳተ የመሰለበትን ቦታ በር አድርጋ ተጠቅማበታለች። እኔ ፈጠራ የምለው ይህንን ነው፤ በንግግር ላስተምራት ብል አንድ ሴሚስተር አይበቃኝም ነበር።

ስለዚህ ሙከራው አንድ ጊዜ ብቻ እንዳይሆን ጊዜ መድቡ። የመጀመሪያው ይበላሻል፤ የሚያስተምራቸው ሁለተኛው ነው።

7ኛ ደረጃ፦ ለውጡን መለካት

አስተሳሰብ አደገ ለማለት የመጨረሻው ሥራ ማማሩ አይበቃም። አሜሪካዊው ኢ. ፖል ቶራንስ እ.ኤ.አ. በ1966 ያወጣው የፈጠራ አስተሳሰብ ፈተና በአራት ነገር ይመዝን ነበር፦ የሐሳቡ ብዛት፣ የዓይነቱ ልዩ ልዩ መሆን፣ አዲስነቱና ዝርዝሩ። ሙሉው ፈተና ሥልጠና ይፈልጋል፤ መለኪያዎቹን ግን ወስደን ክፍላችን ውስጥ ልንሠራባቸው እንችላለን።

በመጀመሪያው ሳምንት «ባዶ ጀሪካን ለምን ለምን ሊያገለግል ይችላል?» ብላችሁ አምስት ደቂቃ አስጽፉ። አንዱ ውሃ መቅጃ፣ ጠላ መያዣ፣ ዘይት መያዣ፣ ጋዝ መያዣ፣ ዱቄት መያዣ፣ ጤፍ መያዣ ብሎ ቢጽፍ ብዛቱ ስድስት ነው፤ ዓይነቱ ግን አንድ፣ ሁሉም መያዣ ናቸው። ሌላዋ ጎኑን ቆርጦ የችግኝ ማፍያ፣ ግርጌውን በስቶ የእጅ መታጠቢያ፣ ከበሮ፣ ጠጠር ከትቶ ከማሳ ላይ የወፍ ማባረሪያ ብትጽፍ ብዛቱ አራት፣ ዓይነቱም አራት ነው። ለአዲስነት እኔ የምሰጠው እንዲህ ነው፦ ከክፍሉ አንድ ሰው ብቻ ያሰበው 2 ነጥብ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ያሰበው 1 ነጥብ፣ ከዚያ በላይ ምንም። ለዝርዝር ደግሞ «እንዴት?» የሚለውን ለሚመልስ ለእያንዳንዱ ጭማሪ 1 ነጥብ፤ «የእጅ መታጠቢያ» ብቻ ያለ አያገኝም፣ «ግርጌውን በስቶ» ያለ ያገኛል።

በሴሚስተሩ መጨረሻ ጀሪካኑን መልሳችሁ አትጠይቁ፤ ስለለመዱት ብቻ ውጤቱ ከፍ ይላል። እኔ ክፍሉን ለሁለት ከፍዬ መጀመሪያ ግማሹን ስለ ጀሪካን፣ ግማሹን ስለ ጆንያ እጠይቃለሁ፤ መጨረሻ ላይ አለዋውጣቸዋለሁ። እንዲህ ሲሆን አንዱ ዕቃ ከሌላው ቢቀል እንኳ ንጽጽሩን አያዛባም።

ይህን መለኪያ ለማርክ አትጠቀሙበት። ማርክ የሚሰጠው ለሥራው ሂደት ነው፦ ለሦስቱ ዓምዶች ወረቀት፣ ለሙከራው ቅጂ፣ ከመጀመሪያው ሙከራ በኋላ ምን እንደቀየሩ ለጻፉት። የመጀመሪያው ሙከራ በመበላሸቱ ማርክ የሚቀነስ ከሆነ ማንም አዲስ ነገር አይሞክርም።

የሚያጋጥሟችሁ ነገሮች

ባልደረቦቻችሁ «ኮርሱ መቼ ይሸፈናል?» ይሏችኋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አንድ ችግር ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ በሴሚስተር ከሦስት በላይ አትያዙ። የቀረውን ክፍለ ጊዜ እንደወትሮው አስተምሩ፤ ነገር ግን ችግሩ የሚጠይቀውን ምዕራፍ ከችግሩ ቀጥላችሁ አምጡት። ክፍልፋይን ስለማስተማር ያለውን ንድፈ ሐሳብ ከአጨዳው በኋላ ሳቀርበው ማንም አላንቀላፋም።

እጩ መምህራኑ ራሳቸው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ያጉረመርማሉ። «መምህር፣ መልሱን ይንገሩን» ይላሉ። በዚህ ጊዜ መሸነፍ የለም፤ ትቶ መሄድም የለም። በየቡድኑ እየተቀመጣችሁ ጥያቄ ጠይቁ፣ ሦስቱን ዓምዶች አሳዩ። ሙሉ በሙሉ የቆመ ቡድን ካለ አንድ ፍንጭ ስጡ፤ መልስ ግን አትስጡ።

ቻርጅ ሌላው ነው። የሙከራው ቀን ጠዋት ስልክ ጠፍቶ ሥራው የቀረበት ቡድን አጋጥሞኛል። ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ስልኩ በበረራ ሁነታ ይቀመጥ፤ ሁለተኛ ስልክም ተጠባባቂ ይሁን።

በሴሚስተሩ መጨረሻ ከእያንዳንዱ ቡድን ፎቶውን፣ ድምፁን፣ ቁጥሩንና የሙከራውን ቅጂ በአንድ ሜሞሪ ካርድ ሰብስቡ። ፋይሉን በቡድን ቁጥር፣ በክፍል ደረጃና በትምህርት ዓይነት ሰይሙት፤ «ቡድን 3 — 4ኛ ክፍል — ሒሳብ» እንደሚባለው። የልጅ ስም ያለበት ካለ አጥፉት። ለሚመጣው ዓመት እጩ መምህራን ፎቶውንና የመጀመሪያውን ድምፅ ብቻ ስጧቸው። የአጨዳው ቅጂ እናንተ ዘንድ ይቆይ፤ እነሱ የራሳቸውን ይዘው ከመጡ በኋላ አሰሟቸው።